ኅዳግ

ሽምብጥ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከፎቶ ቤቱ በላይ፣
መስኮቴ ሐይቁን ያያል፣ እኔ ስክሪኔን ሳይ።
ለጀልባ ማኅበር ነው ድረ ገጽ የምሠራው፣
ትኬት የሚቆርጠው፣ ሰዓት የሚያወራው።

ሊቀ መንበሩ አቶ ስማቸው መጡ ባለፈው ሳምንት፤
ወንበር ብስብላቸው ቆመው ገመገሙት።
«ይኼ ሁሉ ነጭ ምንድን ነው?» አሉኝ፤
«ለባዶ ነው እንዴ የከፈልሁሽ?
አበባ አድርጊበት፣ የሚሽከረከር ነገር፤
ከላይ ቀይ ጽሑፍ ይሩጥ፤
የልጄም የሠርጓ ፎቶ ይግባ፣
ጀልባ ላይ ነው የተነሣችው።»

አበባስ ሐይቁም አለው።
እምቦጭ ሐምራዊውን ዘርግቶ ሲመጣ
ማን ነበር አስቀያሚ ያለው?
ለምለም ነው፣ ዓይን ይስባል፣ ያምራል፤
ብቻ ጀልባ አያልፍበትም፣ ዓሣው አየር ያጥረዋል።

ይህን አላልኋቸውም። «እሺ፣ አየዋለሁ» አልሁ፤
በእኛ ሙያ ቋንቋ እንቢ ማለት ነው።

ማክሰኞ ስልኬን ይዤ ዓሣ ተራ ወረድሁ።
እትዬ አንጓች ቆሮሶ ዘርግታ ቅርፊት ትገፋለች።
«እስቲ የጎርጎራ ትኬት ቁረጪ» አልኋት።
እጇን በሽርጧ ጠረገች፣
አውራ ጣቷን አሳረፈች፤
ቁልፉ ዝም።
እንደገና። ዝም።
አንድ ቅርፊት ከጣቷ ወደ መስታወቱ ተሻግሮ
እንደ ሰባራ ጨረቃ አበራ።
«እኔ አልተማርሁም፣ ልጄ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።
በር የጠበበው እንግዳ
«ትከሻዬ ነው የሰፋው» ብሎ ይቅርታ ሲለምን
አናጢው የት ሊደበቅ ነው?

ቁልፉን አሰፋሁት፤
በአውራ ጣቷ ልክ፣ ከነቅርፊቱ።

ደግሞ በአንድ አሮጌ ስልክ ከፈትሁት፣
የዘበኛችን የደሳለው ስልክ፣ በላስቲክ የታሰረች።
ፊደሉ ሁሉ ሣጥን ሆኖ ተደረደረ፤
ጣናም ሁለት ሣጥን፣
ዘጌም ሁለት ሣጥን፣
በቁሙ የተገነዘ ስም።
ደሳለው ጎንበስ ብሎ አየና
«ማን ሞቶ ነው?» አለኝ። ሳቅን።
እኔ ግን እስኪነጋ ፊደል ሳስነሣ አደርሁ።

ከመስኮቴ ሥር ጋሽ እንድሪስ ታንኳ ያስራል።
ካሰረው ደንገል የጣለው ይበዛል።
አንዱን አንሥቼ «ይኼስ ደህና አይደል?» ብለው
«ደህና ነው» አለ፣ ቀና ሳይል፣ «ግን ውኃ ይጠጣል።»
ወጥቼ ሦስት ፎቶ ጣልሁ፣ አንድ ሙዚቃ፣
ለሁለት ቀን የለፋሁበትን ማዕበልም፤
ማዕበሉ ያምር ነበር፣
ይጠጣ ነበር እንጂ።

አንድ ጊዜ ዘጌ ተሻግሬ
አንድ ቄስ ብራና ገለጡልኝ።
ዳርና ዳሩ ሰፊ ባዶ፣ ግርጌው የባሰ።
ለአንድ መጽሐፍ ስንት ፍየል ይታረዳል፣
ታዲያ ይህን ያህል ቆዳ ለምን ሳይጻፍበት ቀረ?
«ለአውራ ጣት ነው» አሉኝ፣
«ቃሉን ሳይነኩ የሚይዙበት።»
ዝቅ ብዬ አየሁ፤ እውነትም
ኅዳጉ በስንት ዘመን ጣት ጠቁሯል፣
ፊደሉ ትናንት የደረቀ ይመስላል።

ዛሬ አቶ ስማቸው ተመለሱ።
ስከፍትላቸው መብራት ጠፋ።
ስክሪኑ ጨለመ፤ ሁለታችንም ወደ መስኮቱ ዞርን።
በዚያ ሁሉ ውኃ ላይ አንዲት ይብራ፤
ዓይን ሌላ ምን ቤት አለው?
አሁን ይገባቸዋል ብዬ ዝም አልሁ።
እሳቸው ግን ሰዓታቸውን አይተው
«ሁለት ቁጥር ጀልባ ዘገየች» አሉ።

መብራቱ ሲመጣ ገጹን በአውራ ጣታቸው ነኩት፣
ትኬት ቆረጡ፣ ለራሳቸው፣ በራሳቸው ጀልባ።
«ይሁን» አሉ፣ «ነጩ ይቆይ። የልጄስ ፎቶ?»

ከግርጌ አስገባኋት፤
ጥፍር የምታህል፣ ከነቬሏ፣
ክብደቷን መዝኜ።
ገጹ አልሰመጠም።